ራሱ መወሰን የማይችል አዋቂ አካሉን ሲለግስ፦ የእንግሊዝ አገር የፈቃድ አሠራር ግምገማ

ቤተሰቡ ሁሉ ተመርምሮ ለታመመው ሰው ኩላሊቱ ወይም መቅኔው የሚገጥመው አንድ ሰው ብቻ ሊገኝ ይችላል። ያ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ወንድም ከሆነ፣ ዘመድ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ «ማን ይፈርምለት?» የሚል ነው። በእንግሊዝ አገር ሕግ መልሱ «ማንም አይፈርምለትም» ነው። እናትም አባትም አይፈርሙም። የጤና ጉዳይ ውክልና በእጁ ያለ ሰውም ጉዳዩን ብቻውን ሊጨርሰው አይችልም። መጀመሪያ ፍርድ ቤት ያየዋል፤ ቀጥሎ ሂዩመን ቲሹ ኦቶሪቲ የሚባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት (ከዚህ በኋላ «ባለሥልጣኑ» የምንለው) ይወስናል።

እዚህ የምንገመግመው ይህን አገልግሎት ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው፦ የሆስፒታሉን የመወሰን ችሎታ ምርመራ፣ ኮርት ኦፍ ፕሮቴክሽን የተባለውን ፍርድ ቤት፣ የባለሥልጣኑን ፈቃድ፣ እንዲሁም ከሞት በኋላ ስለሚደረግ ልገሳ የተቀመጠውን ደንብ። ለጋሹን በመጠበቅ በኩል ከፍተኛ ነጥብ ይገባዋል። ራሱን ለቤተሰብ በማስረዳት በኩል ግን ደካማ ነው፤ ብዙ ሰው መንገዱን የሚያውቀው ግማሹን በስህተት ከሄደ በኋላ ነው።

መሠረቱ የ2004 የሂዩመን ቲሹ ሕግ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1 ቀን 2006 ጀምሮ ነው። በሕጉ አንቀጽ 33 መሠረት በሕይወት ካለ ሰው አካል ወስዶ ለሌላ መትከል በመርሕ ደረጃ ወንጀል ነው። ወንጀል መሆኑ የሚቀረው በ2006 የወጣው ዝርዝር ደንብ የሚጠይቃቸው ነገሮች ተሟልተው ባለሥልጣኑ ሲፈቅድ ነው። የሐኪሙ በጎ ሐሳብም ሆነ የቤተሰቡ ስምምነት ይህን አይተካም። የመወሰን ችሎታውን ጉዳይ የሚገዛው ደግሞ በ2005 የወጣውና ከ2007 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራበት ሜንታል ካፓሲቲ አክት ነው። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ የ2005ቱ ሕግ አይሠራም፤ ጉዳዩ የሚታየው በዚያው አገር ፍርድ ቤት ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ ሰውየው በእርግጥ መወሰን አይችልም ወይ?

የአገልግሎቱ ትልቁ ጥንካሬም ትልቁ መሰናክልም ያለው እዚህ ላይ ነው። የ2005ቱ ሕግ የሚነሳው እያንዳንዱ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ሰው መወሰን ይችላል ከሚል ግምት ነው። አይችልም የሚል ወገን ማስረዳት አለበት። ፈተናው አራት ጥያቄ አለው፦ የሚነገረውን ይረዳል ወይ፣ ለመወሰን የሚበቃ ጊዜ ያህል ልቡ ውስጥ ያቆየዋል ወይ፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን ያመዛዝናል ወይ፣ የደረሰበትን ሐሳብ በማናቸውም መንገድ መግለጽ ይችላል ወይ። ከአራቱ አንዱን በአእምሮው ጉዳት ወይም መታወክ ምክንያት ማድረግ ካልቻለ፣ ለዚያ ውሳኔ ብቻ ችሎታ የለውም ይባላል።

«ለዚያ ውሳኔ ብቻ» የሚለውን ልብ በሉ። የባንክ ሂሳቡን ሌላ ሰው የሚያስተዳድርለት ሰው ስለ ኩላሊቱ መወሰን ሊችል ይችላል። በተቃራኒው፣ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚለብስ ራሱ የሚመርጥ ሰው የቀዶ ሕክምናን አደጋ ማመዛዘን ሊያቅተው ይችላል። ዳውን ሲንድሮም አለበት ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይወስዳል ማለት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

በሪፖርት ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ጉድለትም ይኸው ነው። መርማሪው «የመማር ውስንነት ስላለበት መወሰን አይችልም» ብሎ ይዘጋዋል። ይህ የበሽታውን ስም ከመጻፍ አያልፍም፤ የችሎታ ምርመራ አይባልም። ጥሩ ሪፖርት የተጠየቀውን ጥያቄና የተሰጠውን መልስ ቃል በቃል ያሰፍራል። «ኩላሊት ስንት አለህ? አንዱ ቢወጣ ምን ይሆናል? የቀረው ቢታመምስ? እምቢ ብትል ምን የሚሆን ይመስልሃል?» የሚሉት ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። የመጨረሻው ግን ከሁሉ ይከብዳል። «እምቢ ካልኩ እናቴ ትቆጣኛለች» ብሎ የሚመልስ ሰው ሁለት ነገር እየነገረን ነው፤ ውጤቱን እያሰበ መሆኑንና ጫና ሊኖርበት እንደሚችል። ሁለቱም መጻፍ አለባቸው።

ሕጉ እንዲወስን የሚያግዘው ነገር ሁሉ ሳይሞከር «አይችልም» ማለትን ይከለክላል። ማገዝ ማለት በሥዕል ማስረዳት፣ መረጃውን በትንንሹ ከፍሎ በተለያየ ቀን መንገር፣ ሰውየው የሚነቃበትን ሰዓት መምረጥ፣ የሚያምነው ሰው አጠገቡ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እንግሊዝኛ አለመቻል የመወሰን ችሎታ ማጣት አይደለም። በአማርኛ ቢጠየቅ ኩላሊት ምን እንደሚሠራ የሚናገር ሰው በእንግሊዝኛ ተጠይቆ ዝም ስላለ ብቻ «አልተረዳም» ሊባል አይገባም። ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ባለሙያ አስተርጓሚ ይጠየቅ። እናት ወይም ወንድም ሲያስተረጉሙ ማሳጠርና መልሱን ማቃናት ይመጣል፤ ያ ደግሞ የምርመራውን ዋጋ ያጠፋዋል።

ችሎታው የሚመላለስ ሰው ካለ ደግሞ ሕጉ ወደፊት መወሰን ይችል እንደሆነና መቼ እንደሚችል እንዲታይ ያዛል። ለምሳሌ በከባድ የአእምሮ ሕመም ውስጥ ያለ ሰው ታክሞ ሲሻለው ራሱ ሊወስን የሚችል ከሆነና ተቀባዩ በዲያሊሲስ (በማሽን በሚደረግ የደም እጥበት) መቆየት ከቻለ፣ መጠበቅ ከማስቸኮል ይሻላል።

ብዙ ጉዳይ እዚሁ መስመር ይቀይራል። ሰውየው በእገዛ መወሰን እንደሚችል ከታወቀ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ እንደ ማንኛውም በሕይወት እንዳለ ለጋሽ በተለመደው መንገድ ይሄዳል። ለዚህ ነው ለመጀመሪያው ምርመራ ጊዜ መስጠት የሚያዋጣው።

ሁለተኛው፦ ለለጋሹ ምን ይበጀዋል?

መወሰን እንደማይችል ከተረጋገጠ ጥያቄው ይለወጣል። «የታመመው ይድናል ወይ?» የሚለው የፍርድ ቤቱ ጥያቄ አይደለም። የፍርድ ቤቱ ጥያቄ «ይህ ነገር ለለጋሹ ለራሱ ይበጀዋል ወይ?» የሚል ነው። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ይህን መቀበል ይከብደዋል፤ የምትሞት እህት እያለች ስለ ወንድሟ ጥቅም ማውራት ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን የሕጉ ዋና ጥበቃ ይኸው ነው፤ እኛም ሙሉ ነጥብ የሰጠነው ለዚህ ክፍል ነው። ይህ ጥያቄ ባይኖር መናገር የማይችል ሰው ሁሉ ለቤተሰቡ መለዋወጫ በሆነ ነበር።

አቅጣጫውን ያሳየው በ1996 ተወስኖ በ1997 የሕግ ሪፖርት ላይ የወጣውና የለጋሿ ስም «ዋይ» በሚል ፊደል የተሸፈነበት ጉዳይ ነው። ዋይ የ25 ዓመት ሴት ነበረች፤ ከባድ የአእምሮና የአካል ጉዳት ስላለባት በእንክብካቤ ቤት ትኖራለች። የ36 ዓመት እህቷ ወደ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) የሚያመራ የመቅኔ በሽታ ይዟታል። ዳኛው ኮኔል መቅኔው እንዲወሰድ የፈቀዱት ለእህትየው በማዘን አልነበረም። እናታቸው ጤናቸው ደካማ ነበር፤ ትልቋ ብትሞት የእሷን ልጅ የመንከባከብ ሸክም በእናት ላይ ስለሚወድቅ ዋይን ሄደው መጎብኘታቸው ይቀንሳል፤ ዋይ ደግሞ ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኛት ዋናው ነገር የእናቷ ጉብኝት ነው። ስለዚህ እህቷ ብትድን የምትጠቀመው ራሷ ዋይ ናት፤ በአንጻሩ አደጋው አነስተኛ ነው። ዳኛው አክለው ይህ ውሳኔ ሰውነትን ይበልጥ ለሚጎዳ ቀዶ ሕክምና ምሳሌ ሆኖ ማገልገሉን እንደሚጠራጠሩ ተናግረዋል። መቅኔ ይተካል፤ ኩላሊት አይተካም።

ከዚህ ጉዳይ ቤተሰብ ሊይዘው የሚገባ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። ፍርድ ቤቱ የተጠየቀው መቅኔ ለመውሰድ ብቻ ሳይሆን፣ ቀድሞ ለሚደረገው የደም ምርመራም ጭምር ነበር። «ደሙን ብቻ እንይለት፣ ካልገጠመ ይቀራል» ብሎ መጀመር እንደ ትንሽ ነገር ይቆጠራል። የደም ናሙናው የሚወሰደው ለሰውየው ሕክምና ካልሆነ ግን እሱም በራሱ ሕጋዊ መሠረት ይፈልጋል። የሕዋስ መጣጣም ምርመራ ከመደረጉ በፊት ሆስፒታሉ የሕግ ክፍሉን ማማከር አለበት።

በ2020 ዳኛ ኮኸን የመማር ውስንነት ያለባት ወጣት ለሉኪሚያ ታማሚ እናቷ ከደም የሚሰበሰብ ስቴም ሴል (ደም የሚፈጥሩ ሕዋሳት) እንድትሰጥ ፈቅደዋል። እዚያም ሚዛኑ ያው ነው፤ እናት በሕይወት መኖሯ ለለጋሿ ሕይወት ያለው ዋጋ በአንድ በኩል፣ የመርፌውና የመሰብሰቢያው ድካም በሌላ በኩል።

ወደ አሜሪካ ስንሻገር የመንገዱ አስቸጋሪነት ይበልጥ ይታያል። በ1969 የኬንታኪ ፍርድ ቤት የጄሪ ስትረንክ ኩላሊት ለወንድሙ ለቶሚ እንዲሰጥ ፈቀደ። ጄሪ 27 ዓመቱ ሲሆን በመንግሥት ተቋም ይኖር ነበር፤ የፍርዱ መሠረት ጄሪ በወንድሙ ላይ በስሜት የተደገፈ መሆኑ ነው። ዳኞቹ ግን 4 ለ 3 ነው የተከፈሉት። በ1975 የዊስኮንሲን ፍርድ ቤት በፔሲንስኪ ጉዳይ ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦለት እምቢ አለ፤ ስኪዞፍሬንያ የተባለ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወንድም ለእህቱ ኩላሊት ቢሰጥ እሱ የሚያገኘው ጥቅም አልታየም። ከሁለቱ የሚለየው የግንኙነቱ ማስረጃ ነው። አንድ ቤተሰብ ለፍርድ ቤት የሚያዘጋጀው ዋና ነገርም ይህ መሆን አለበት፦ ሰዎቹ በሳምንት ስንት ጊዜ ይገናኛሉ፣ ሲገናኙ ለጋሹ ምን ያደርጋል፣ ተቀባይዋ ስትቀርበት ምን ይሆናል፣ እሷ ባትኖር ማን ይጠይቀዋል። የእንክብካቤ ቤቱ የጉብኝት መዝገብና የተንከባካቢው ምስክርነት ከሐኪም ደብዳቤ የበለጠ ይናገራሉ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፋይል ግን ስለ ተቀባዩ በሽታ የተጻፈ ወፍራም ዶሴና ስለ ለጋሹ አንድ ገጽ ነው።

ለጋሹ ቀድሞ መወሰን ይችል ከነበረ ያኔ የተናገረው፣ እምነቱና አኗኗሩ ይመዘናል። አሁን የሚያሳየው ስሜትም ይመዘናል። መርፌ ሲያይ የሚጮህ፣ ሆስፒታል ሲገባ ቀናት ምግብ የሚያቆም ሰው ፈቃዱን በቃል ባይገልጽም በሰውነቱ እየተናገረ ነው፤ ይህን መደበቅ ጉዳዩን አይረዳውም።

ወረቀቱና ፍርድ ቤቱ

በጥር 2020 ኮርት ኦፍ ፕሮቴክሽን ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነው፤ መወሰን ከማይችል ሰው አካል፣ መቅኔ፣ ስቴም ሴል፣ ሕብረ ሕዋስ ወይም የሰውነት ፈሳሽ ለሌላ ሰው የሚወሰድ ከሆነ፣ ከእጅግ ልዩ ሁኔታ በቀር ጉዳዩ ለፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ማመልከቻውን ማቅረብ ያለበት ሕክምናውን የሚሰጠው የጤና ተቋም ነው። «እናንተ ጠበቃ ይዛችሁ ክሰሱ» የሚል መልስ ከመጣ፣ ይህን መመሪያ ጠቅሶ የትረስቱን (ሆስፒታሉን የሚያስተዳድረውን የጤና ተቋም) የሕግ ክፍል ማነጋገር ተገቢ ነው።

ማመልከቻው በሲ ኦ ፒ 1 ቅጽ ይቀርባል። የመወሰን ችሎታ ምርመራው በሲ ኦ ፒ 3፣ የምስክሮች ቃል ደግሞ በሲ ኦ ፒ 24 ይያያዛል። ለጋሹን ወክሎ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ኦፊሻል ሶሊሲተር የተባለው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ነው። ይህ ጽሕፈት ቤት የቤተሰቡ ተቃዋሚ ይመስላል፤ ጥያቄው ይጎረብጣል። ሥራው ግን ለጋሹ ራሱ ሊጠይቀው የሚችለውን መጠየቅ ነው፦ ሌላ ለጋሽ ተፈልጓል ወይ? ከፈቃደኛ ለጋሾች መዝገብ የሚገኝ መቅኔ የለም ወይ? ሕክምናው ሊሠራ የሚችለው በምን ያህል ዕድል ነው? ለእነዚህ መልስ ሳይያዝ የሚቀርብ ማመልከቻ መዘግየቱ አይቀርም።

ደረጃ ስንሰጥ እዚህ ነጥብ የቀነስነው በአንድ ምክንያት ነው። የተቀባዩ ሐኪምና የለጋሹ ሐኪም መለየት እንዳለባቸው፣ ቤተሰቡም የጥቅም ግጭት እንዳለበት አሠራሩ ያውቃል፤ ነገር ግን ይህን ለቤተሰቡ ከመጀመሪያው ቀን የሚያስረዳ አንድ ሰው በግልጽ አልተመደበም። የንቅለ ተከላ አስተባባሪ ነርሷ ብዙውን ትሸፍናለች፤ የሕግ ጥያቄ ሲነሳ ግን ወደ ሌላ ክፍል ትመራለች፤ ቤተሰቡም ከክፍል ክፍል ይዞራል።

የባለሥልጣኑ ፈቃድ

ፍርድ ቤት ፈቀደ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። የለጋሹን ሕክምና የሚመራው ሐኪም ጉዳዩን ወደ ሂዩመን ቲሹ ኦቶሪቲ ይልካል። ለጋሹ መወሰን የማይችል አዋቂ ሆኖ የሚሰጠው አካል ወይም የአካል ክፋይ ከሆነ፣ የሚወስነው ቢያንስ ሦስት አባላት ያሉት የባለሥልጣኑ ፓነል ነው። መደበኛ ጉዳይ በ5 የሥራ ቀን፣ የፓነል ጉዳይ በ10 የሥራ ቀን እንዲወሰን ነው የሚታሰበው። ለመቅኔና ለስቴም ሴል የተለየ የሠለጠነ ገምጋሚ አለ፤ መወሰን የሚችል አዋቂ መቅኔ ሲለግስ የማያስፈልገው የባለሥልጣኑ ፈቃድ፣ መወሰን ለማይችለው ያስፈልጋል።

ባለሥልጣኑ የሚያየው ሁለት ነገር ነው፦ አካሉ የሚወሰደው በሕጋዊ ፈቃድ መሆኑንና ምንም ዓይነት ክፍያ ወይም ስጦታ አለመኖሩን። በተለመደው ጉዳይ ገለልተኛ ገምጋሚው ለጋሹንና ተቀባዩን ለየብቻ ያነጋግራል። አካሉ እንዲወሰድ ፍርድ ቤት በትእዛዝ ከፈቀደ ግን ደንቡ የቃለ መጠይቁን ግዴታ ያነሳል፤ ስለ ክፍያ ያለው ጥያቄ ግን እንዳለ ይቆያል። የትራንስፖርት ወጪና የቀረ ደመወዝ መተካት የተፈቀደ ነው። ከዚያ ያለፈ ስጦታ፣ ለተንከባካቢው የሚሰጥ «ምስጋና» ጭምር፣ ጉዳዩን ያበላሻል።

በእገዛ መወሰን እንደሚችል ታውቆ በተለመደው መንገድ ለሚሄድ የሐበሻ ቤተሰብ ሁለት ነገር ቀድሞ መስተካከል አለበት። አንደኛው ስም ነው። ወንድምና እህት መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይጠየቃል። ፓስፖርታችን ላይ የሚታየው የራስ ስም፣ የአባትና የአያት ስም ነው፤ የእናት ስም የለም። የአንድ እናት ልጆች ሆነው አባታቸው ከተለያየ በወረቀት ላይ ምንም የሚያገናኛቸው አይኖርም። ያገባች እህትም ስሟን ስለማትቀይር ባልና ሚስት የተለያየ ስም ይዘው ይቀርባሉ። የእናት ስም ያለበት የልደት የምስክር ወረቀት ከነሕጋዊ ትርጉሙ፣ የቆዩ የቤተሰብ ፎቶዎች፣ ካስፈለገም የዲኤንኤ ምርመራ ውጤት ቀድሞ ይያዝ። ገምጋሚው የስም አወጣጣችንን እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ በአንድ አጭር ገጽ ማስረዳት ብዙ ጥርጣሬ ያስቀራል።

ሁለተኛው አስተርጓሚ ነው። ከለጋሹም ከተቀባዩም ጋር የግል ትውውቅ የሌለው መሆን አለበት። በትንሽ ከተማ ያለ አማርኛ አስተርጓሚ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚገናኝ ሊሆን ይችላል። ይህ ከተገለጠ ቃለ መጠይቁ ሊደገም ይችላል፤ ከሌላ ከተማ በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚሠራ ሰው ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

አደጋው በቁጥር

ፍርድ ቤቱም ፓነሉም ስለሚመዝኑት ቤተሰቡም ማወቅ አለበት። ኩላሊት በመስጠት የመሞት አደጋ ከ3,000 ለጋሾች 1 ያህል ነው ተብሎ ለለጋሾች ይነገራል። ለጉበት ይበዛል፤ የግራው ክፍል ሲሰጥ ከ500 አንድ፣ የቀኙ ሲሰጥ ከ200 አንድ። ስቴም ሴል ከደም ሲሰበሰብ ለአራት ቀን ያህል መርፌ ይወሰድና በአምስተኛው ቀን ከማሽን ጋር ለሰዓታት መቀመጥ አለ፤ የአጥንት ሕመምና ራስ ምታት የተለመደ ነው። ከዳሌ አጥንት መቅኔ ሲወሰድ ግን ሙሉ ማደንዘዣ ያስፈልጋል። ዝም ብሎ መቀመጥ ለሚያስጨንቀው ሰው አራት ሰዓት ከማሽን ጋር መታሰር ከማደንዘዣው ሊከብደው ይችላል። የትኛው መንገድ ለዚህ ለጋሽ ይቀላል የሚለው በማመልከቻው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ሌላ አገር

ስኮትላንድ ይበልጥ ትጠነክራለች። መወሰን የማይችል አዋቂ በሕይወት እያለ ኩላሊት መስጠት አይችልም፤ የሚፈቀደው ለራሱ ሕክምና ሲባል የወጣ አካል ለሌላ ሲተላለፍ፣ ወይም የሚተካ ሕብረ ሕዋስ ሲሆን ነው። የጀርመን ሕግም በሕይወት ያለ የአካል ለጋሽ አዋቂና ፈቃድ መስጠት የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል። በ1997 የተፈረመው የኦቪዶ ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 20 መወሰን ከማይችል ሰው አካል መውሰድን ይከለክላል፤ ለወንድም ወይም ለእህት የሚሰጥ የሚተካ ሕብረ ሕዋስ ብቻ፣ ያውም በጥብቅ ሁኔታ፣ ይፈቅዳል። ዘመድ በሁለት አገር ተከፍሎ ከሆነ የትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛ ከመጀመሪያው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለንደን የሚቻለው በርሊን ላይቻል ይችላል።

ከሞት በኋላ

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 20 ቀን 2020 ጀምሮ እምቢ ያላለ አዋቂ ሁሉ አካሉን ለመለገስ እንደተስማማ ትቆጥራለች። ዌልስ ይህን የጀመረችው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 2015 ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ይህ ግምት ከመሞቱ በፊት ለረዥም ጊዜ ይህን አሠራር መረዳት ያልቻለን ሰው አይመለከትም። «ረዥም ጊዜ» ስንት ነው ለሚለው በተግባር የሚታየው 12 ወር ገደማ ነው፤ ድንበሩ ግን ጥብቅ አይደለም። ስለዚህ ከልደቱ ጀምሮ ከባድ የአእምሮ ውስንነት ያለበት፣ ወይም ለዓመታት በመርሳት በሽታ የቆየ ሰው በዝምታው እንደተስማማ አይቆጠርም።

ይህ ማለት ግን መለገስ አይችልም ማለት አይደለም። ችሎታው እያለ በአካል ለጋሾች መዝገብ ላይ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ ከነበረ፣ በኋላ የመርሳት በሽታ ቢይዘውም ያ ውሳኔ ይጸናል። ውሳኔ ካልተወ፣ ራሱ የሾመው ወኪል ይወስናል። ወኪልም ከሌለ ሕጉ ተራ ይዘረዝራል፦ የትዳር ጓደኛ፣ ቀጥሎ ወላጅ ወይም ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት፣ አያት ወይም የልጅ ልጅ፣ የወንድም ወይም የእህት ልጅ፣ የእንጀራ አባት ወይም እናት፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እህት፣ በመጨረሻም የቆየ ጓደኛ። በአንድ ተራ ላይ ካሉት የአንዱ ስምምነት በሕግ ይበቃል፤ ስለዚህ ከአራት ልጆች አንዱ «አዎ» ቢል ሕጉ አይከለክልም። በተግባር ግን ነርሶቹ ቤተሰብ ተጣልቶ ሳለ መቀጠልን ይጠላሉ። ይህ ተራ የእኛን ቤተሰብ አይመስልም፤ ያሳደገች አክስት በዝርዝሩ ላይ የለችም፤ የምትገባው በ«የቆየ ጓደኛ» በኩል ብቻ ነው። በዚህ ክፍል ላይ ያለን ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው።

የጤና ውክልና የያዘ ሰውም እዚህ ይሳሳታል። ላስቲንግ ፓወር ኦፍ አተርኒ የተባለው ይህ ውክልና ሰውየው ሲሞት አብሮ ያበቃል። ስለ አካል ልገሳ ለመወሰን የሚያገለግለው ለዚሁ ተብሎ የተሾመ ወኪል ነው። የመርሳት በሽታ ምልክት ገና ለጀመረው፣ አሁንም መወሰን ለሚችል ሰው የምንመክረው ይህንኑ ነው፤ አክስቲቱም ዝርዝሩ ላይ ባትኖርም እንድትወስን የሚያስችላት ይኸው ነው። ሹመቱ በጽሑፍ ከሆነ ቢያንስ አንድ ምስክር ባለበት መፈረም አለበት። በቃል ከሆነ ሁለት ምስክሮች በአንድ ጊዜ መገኘት አለባቸው። ቅጂው በጂፒው (በቤተሰብ ሐኪሙ) ፋይልና በእንክብካቤ ቤቱ ዶሴ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቤት መሳቢያ ውስጥ ያለ ወረቀት ሌሊት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ለሚጠይቅ ነርስ አይደርስም።